የስም ዋጋ በንግድ ሥራ፤ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ታሪክ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ማንኛውም ነጋዴ በመጋዘኑ ካከማቸው ዕቃና በባንክ ካኖረው ገንዘብ ሌላ፣ በሚዛን የማይመዘንና በሜትር የማይለካ አንድ ሀብት አለው፤ ይኸውም ስሙ ነው። ደንበኛ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ሱቆች አንዱን መርጦ የሚገባው፣ ባንክ ለአንዱ አበድሮ ለሌላው የሚከለክለው፣ የውጭ አገር ላኪም ዕቃውን በዱቤ ጭኖ የሚልከው ስምን ተመልክቶ ነው። ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዘመናችን ግን ስም ከባለቤቱ ሥራ ተለይቶ የሚከራይ፣ የሚሸጥና በውል የሚተላለፍ ሸቀጥ እስከ መሆን ደርሷል።

በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ብዙ ተከታይ አፍርቶ፣ ሕዝቡ የሚለብሰውንና የሚገዛውን እንዲመርጥ የሚገፋፋ ሰው «ተጽዕኖ ፈጣሪ» ተብሎ ይጠራል። ከዚህ ዓይነት ሰዎች መካከል በተከታዮቹ ብዛት ቀዳሚ ሆኖ የቆየው ፖርቱጋላዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ክሪስቲያኖ ሮናልዶ ነው። የዚህን ሰው ሥራ በነጋዴ ዓይን መመርመር የሚጠቅመው፣ ስም በምን እንደሚገኝ፣ እንዴት ወደ ገንዘብ እንደሚለወጥ፣ በምንስ እንደሚጎዳ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የስሙ መሠረት

ሮናልዶ በየካቲት 5 ቀን 1985 ፉንሻል በተባለችው የማዴይራ ደሴት ከተማ ተወለደ። አባቱ የማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ፣ እናቱም በወጥ ቤትና በጽዳት ሥራ የምትተዳደር ነበረች። በ12 ዓመቱ ከደሴቲቱ ወጥቶ ወደ ሊዝበን ሄደና በስፖርቲንግ ክለብ የሥልጠና ትምህርት ቤት ገባ። የዚህም ዝውውር ሂሳብ የተዘጋው የቀድሞ ክለቡ ናሲዮናል ለስፖርቲንግ ይከፍለው ከነበረው ዕዳ ጋር በመቻቻል ነበር። በኋላ ዓለም በመቶ ሚሊዮን የገመተው ሰው፣ መጀመሪያ በሁለት ደንበኞች መካከል የቆየ ተራ ዕዳ ማካካሻ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው።

በነሐሴ 2003 ስፖርቲንግ አዲሱን ስታዲየሙን ሲያስመርቅ ማንቸስተር ዩናይትድን 3 ለ 1 አሸነፈ። የእንግሊዙም ክለብ በዚያ ጨዋታ ያየውን የ18 ዓመት ወጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ በ12.24 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ2009 ሪያል ማድሪድ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው፤ በበርናቤው ስታዲየም ለሕዝብ በቀረበበት ዕለት ጨዋታ ሳይኖር ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ተገኘ። በማድሪድ በ438 ጨዋታዎች 450 ግብ አስቆጠረ። ባሎን ዶር የተባለውን ሽልማት በ2008፣ በ2013፣ በ2014፣ በ2016 እና በ2017 ተቀበለ። የአውሮፓ ክለቦችን የሻምፒዮኖች ዋንጫ 5 ጊዜ፣ ከአገሩም ጋር በ2016 የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። በመስከረም 2024 በይፋዊ ጨዋታዎች ያስቆጠረው ግብ 900 ደረሰ።

ይህ ሁሉ ቁጥር የተዘረዘረው ለውዳሴ አይደለም። በኋላ የሚነገረው ትርፍ ሁሉ የተቀዳው ከዚህ ምንጭ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ሕዝቡ ስሙን የተቀበለው ሃያ ዓመት ሙሉ በሜዳ ላይ የቀረበለትን ሥራ በዓይኑ እያየ ነው። ማስታወቂያ ያለውን ስም ያጎላል እንጂ የሌለውን ስም አይፈጥርም።

ቁጥሩ የንግድ ምልክት ሲሆን

በማንቸስተር የተሰጠው 7 ቁጥር ማሊያ፣ ቀደም ብለው ጆርጅ ቤስት፣ ብራያን ሮብሰን፣ ኤሪክ ካንቶናና ዴቪድ ቤካም የለበሱት ነበር። ከስሙ መነሻ ፊደላት ጋር ተዳምሮም «ሲ አር 7» የተባለው ምልክት ወጣ። ወደ ማድሪድ ሲሄድ ቁጥሩ በነባሩ ተጫዋች በራውል ተይዞ ስለ ነበር በመጀመሪያው ዓመት 9 ቁጥር ለበሰ፤ ራውል በ2010 ክለቡን ሲለቅ ግን ወዲያው ወደ 7 ተመለሰ። በ2018 ጁቬንቱስ ሲገባ ኳድራዶ፣ በ2021 ወደ ማንቸስተር ሲመለስ ደግሞ ካቫኒ ቁጥሩን ለቀቁለት።

ለተመልካች ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለነጋዴ ግን ምሥጢሩ ግልጽ ነው። በ2013 በዚህ ምልክት የውስጥ ልብስ ለገበያ ቀረበ፤ ሥራውንም የዴንማርክ ጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ጄ ቢ ኤስ ያዘ። ከዚያ ጫማና ሽቶ ተከተለ። በ2016 ፔስታና ከተባለው የፖርቱጋል የሆቴል ድርጅት ጋር በሽርክና በፉንሻልና በሊዝበን በዚሁ ምልክት የተሰየሙ ሆቴሎች ተከፈቱ። ምልክቱ በየዕቃው ላይ ከታተመ በኋላ ቁጥሩን መለወጥ በመደርደሪያ ላይ ያለውን ሸቀጥ ሁሉ እንደ ማርከስ ይቆጠራል።

ሆኖም ምልክትን ማስተዋወቅ ብቻውን ባለቤት አያደርግም። የውስጥ ልብሱ ወደ አሜሪካ ገበያ ሊገባ ሲል፣ የስሙ መነሻ ፊደላት አንድ ዓይነት የሆኑ አንድ አሜሪካዊ ይህንኑ ምልክት በ2009 በአገሩ ማስመዝገቡን ገልጦ ተቃወመ፤ ጉዳዩም በ2014 ወደ ክርክር ደረሰ። የንግድ ምልክት ሕግ በየአገሩ ወሰን የተከለለ ነው። በአንድ አገር የታወቀ ስም በሌላው አገር በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ዕቃውን በራሱ ምልክት የሚልክ ነጋዴ፣ ዕቃው ወደብ ከመድረሱ በፊት ምልክቱን በዚያ አገር ማስመዝገብ ይገባዋል።

ከሜዳ ውጭ የሚገኘው ገቢ

ፎርብስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ባወጣው ግምት፣ ሮናልዶ እስከ ግንቦት 2023 በነበሩት 12 ወራት 136 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አግኝቷል። ከዚህም 46 ሚሊዮኑ ከጨዋታ፣ 90 ሚሊዮኑ ግን ከሜዳ ውጭ የተገኘ ነው። በዚያ ሂሳብ ከ3 ዶላር 2ቱን ያህል ያመጣለት ስሙ ነበር። በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያው አል ናስር ክለብ ከተዛወረ በኋላ ደመወዙ እጅግ ስለ ጨመረ ሚዛኑ ተገለበጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግምት ከ260 ሚሊዮኑ 200 ሚሊዮን የሜዳ፣ 60 ሚሊዮን የውጭ ገቢ ሆነ።

የደመወዙ መጨመር ግን ራሱ ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። አል ናስር ከዝውውሩ በፊት በኢንስታግራም የነበረው ተከታይ ከ1 ሚሊዮን በታች ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ክለቡ የገዛው በ38ኛ ዓመቱ ደጃፍ ላይ የቆመን አጥቂ ብቻ አልነበረም፤ ለራሱና ለአገሩ ሊግ የዓለምን ዓይን የሚስብ ስምም ጭምር እንጂ። በ2025 ተጫዋቹ ከዚሁ ክለብ ጋር እስከ 2027 የሚደርስ ውል ፈረመ።

በኢንስታግራም የተከታዮቹ ቁጥር በየካቲት 2022 ከ400 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ከ500 ሚሊዮን አለፈ። በነሐሴ 21 ቀን 2024 በዩቲዩብ የራሱን ገጽ ሲከፍት፣ በ90 ደቂቃ ውስጥ ማለትም በአንድ የኳስ ጨዋታ ልክ 1 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ። በተከታዩ ወር በልዩ ልዩ ገጾች ያሉት ተከታዮቹ በድምሩ 1 ቢሊዮን ደረሱ። እርግጥ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት ገጽ ሊቆጠር ስለሚችል ይህ የሰዎች ቁጥር ነው ማለት አይደለም፤ የምዝገባ ቁጥር ነው።

የተከታይ ብዛትና የሽያጭ መጠን

አምራቾች ለዚህ ቁጥር ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት ምክንያት የታወቀ ነው። ቀድሞ አንድ ኩባንያ ማስታወቂያውን ለጋዜጣ ወይም ለቴሌቪዥን ከፍሎ ያስነግር ነበር፤ ተጫዋቹም በማስታወቂያው ውስጥ ይታያል እንጂ የማሠራጫው ባለቤት አልነበረም። ዛሬ ግን ፊቱም ማሠራጫውም የአንድ ሰው ሆነዋል። የስፖርት ዕቃ አምራቹ ናይክ በ2016 ከሮናልዶ ጋር የዕድሜ ልክ ውል ማድረጉ በዚህ ዓይን ሲታይ አያስገርምም። በዚያው ዓመት በገጾቹ ላይ ናይክን ጠቅሶ ያወጣቸው መልእክቶች ወደ 500 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ የማስታወቂያ ዋጋ እንዳላቸው ተገምቶ ነበር።

እዚህ ላይ ነጋዴ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። ይህ 500 ሚሊዮን ናይክ የሸጠው ጫማ ዋጋ አይደለም። ያንኑ ያህል ተመልካች በተራ ማስታወቂያ ለማግኘት ቢፈለግ ምን ያህል ይከፈል እንደ ነበረ የሚያመለክት የግምት ሂሳብ ነው። ሥዕሉን አይቶ ያለፈ፣ ምልክት ሰጥቶ የወደደ፣ ሱቅ ገብቶ የጠየቀና ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በእነዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ሳይለይ የተከታይን ብዛት ብቻ ቆጥሮ ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ይደርስበታል።

የጁቬንቱስ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኢጣሊያው ክለብ በሐምሌ 2018 ሮናልዶን በ100 ሚሊዮን ዩሮ ሲገዛ የአክሲዮኑ ዋጋ በገበያ ከፍ አለ፤ የተከታዮቹም ቁጥር ጨመረ። በሚያዝያ 2019 ግን የሆላንዱ አያክስ ክለቡን ከሻምፒዮኖች ውድድር ባስወጣው ማግሥት አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ15 በመቶ በላይ ወረደ። በዚያ ጨዋታ የጁቬንቱስን ግብ ያስቆጠረው ሮናልዶ ራሱ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ክለቡ የአገሩን ሊግ በ2019 እና በ2020 አሸንፎ፣ የተመኘውን የአውሮፓ ዋንጫ ግን ሳያገኝ ቀረ፤ በ2021ም ተጫዋቹን በ15 ሚሊዮን ዩሮና በተጨማሪ ክፍያዎች ሸጠው። ስሙ ገበያተኛን እስከ በር አምጥቷል፤ በበሩ ውስጥ ያለውን ሥራ ግን ብቻውን ሊያቃና አልቻለም።

የሁለቱ ጠርሙሶች ጉዳይ

በሰኔ 14 ቀን 2021 ሮናልዶ ለአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ቡዳፔስት ከተማ ከጋዜጠኞች ጋር ሲቀመጥ፣ ከፊቱ የነበሩትን ሁለት የኮካ ኮላ ጠርሙሶች ወደ ጎን ገፋ፤ የውኃ ጠርሙስም አንሥቶ «ውኃ!» አለ። በማግሥቱ የዓለም ጋዜጦች የኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ242 ቢሊዮን ወደ 238 ቢሊዮን ዶላር መውረዱን ጽፈው፣ «አንድ ተጫዋች በእጁ ምልክት 4 ቢሊዮን አጠፋ» በማለት አወሩ።

ወሬው ጣፋጭ ቢሆንም ሂሳቡ አይቆምም። በዚያው ዕለት የኮካ ኮላ አክሲዮን ያለ ትርፍ ድርሻ የሚሸጥበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። በዚያ ቀን አክሲዮኑን የገዛ ሰው በየሩብ ዓመቱ ከሚታደለው ድርሻ 42 ሳንቲም ስለማያገኝ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያው ልክ ዝቅ ማለቱ የተለመደ የገበያ ሥርዓት ነው። ከዚህም በላይ ዋጋው መውረድ የጀመረው ገና ገበያው ሲከፈት፣ ጠርሙሶቹ ከመነሣታቸው በፊት ነበር። ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን መድረሳቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያስረዳም። በበዓል ሰሞን ማስታወቂያ ያስነገረ ባለ ሱቅም የሽያጩን መጨመር ሁሉ ለማስታወቂያው ቢሰጥ በዚሁ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

ነገሩ ሌላም ፍሬ አለው። ኮካ ኮላ የገንዘብ ውል ያደረገው ከውድድሩ አዘጋጅ ጋር እንጂ ከተጫዋቹ ጋር አልነበረም፤ ጠረጴዛውን ተከራየ እንጂ በጠረጴዛው የተቀመጠውን ሰው አልተከራየም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አዘጋጁ ቡድኖቹ ለደጋፊ ድርጅቶች ያለባቸውን ግዴታ እንዲያስቡ ማሳሰቡ፣ ውሉ የት ላይ እንደ ሳሳ ያመለክታል። ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው በውሉ ውስጥ የማን ግዴታ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ መለየት አለበት።

ስምን ማከራየት የሚያስከትለው ዕዳ

ስም ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ግብርና ኃላፊነት አብረው ይመጣሉ። በስፔን ሕግ መልክንና ስምን በማከራየት የሚገኝ ገቢ እንደ ሌላው ገቢ ሁሉ ግብር ይከፈልበታል። የስፔን ዐቃቤ ሕግ በ2017 ባቀረበው ክስ፣ ሮናልዶ ከ2011 እስከ 2014 ከዚህ የምስል መብት ያገኘውን ገቢ በውጭ አገር በተቋቋሙ ኩባንያዎች አማካይነት ሰውሮ 14.7 ሚሊዮን ዩሮ ግብር አስቀርቷል አለ። ተከሳሹ መጀመሪያ ቢክድም በጥር 2019 በማድሪድ ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ተቀብሎ ወደ 18.8 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ክፍያና በገደብ የታለፈ የ23 ወር እስራት ተፈረደበት። ለማትረፍ ታስቦ የተሸሸገው ገንዘብ ከነቅጣቱ ተመለሰ፤ ስሙም በስፖርት ገጽ ብቻ ሳይሆን በወንጀል ዜና ገጽ ላይ ተጻፈ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምር ነው። በ2022 ሮናልዶ ባይናንስ ከተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ ድርጅት ጋር ውል ገብቶ፣ በኅዳር ወር በስሙ የተዘጋጁ ዲጂታል ሥዕሎች ለሽያጭ ቀረቡ። ከእነዚህ ርካሹ 77 ዶላር ተሸጦ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 1 ዶላር ገደማ መውረዱ ተዘግቧል። በኅዳር 2023 ድርጅቱ በአሜሪካ የገንዘብ ማጠብን መከላከያ ሕግ በመጣሱ ጥፋተኝነቱን አምኖ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ወር ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች በፍሎሪዳ ተጫዋቹን ከሰሱት፤ አቤቱታቸውም በስሙ ታምነን ገባን የሚል ነበር። ክስ አቤቱታ እንጂ ፍርድ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ኳስ በመምታት የተገኘ እምነት ስለ ገንዘብ ሥራ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ጉዳዩ በግልጽ ያሳያል። ሰውዬው ስለ ጫማ ቢናገር የሚናገረው በእግሩ ስለሚያውቀው ነገር ነው፤ ስለ ክሪፕቶ ገንዘብ ሲናገር ግን የሚያበድረው ያልመረመረውን ዕቃ የሚሸፍን ስም ነው።

በብዙ አገሮች ሕግ ለዚህ መላ መፈለግ የጀመረው ስለዚህ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ገንዘብ ወይም ስጦታ ተቀብሎ ዕቃ የሚያመሰግን ሰው ይህንኑ ለተመልካቹ በግልጽ እንዲያስታውቅ ያዛል። ምክንያቱም ወዳጅ መስሎ የሚመክርና ተከፍሎት የሚመክር ሰው ቃላቸው እኩል ሚዛን ስለሌለው ነው።

ለነጋዴ የሚተርፈው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በአምስት አንቀጽ ሊጠቃለል ይችላል።

1ኛ፤ ስም የሥራ ፍሬ ነው። ማስታወቂያ ከመጀመሩ በፊት የሚነገርለት ሥራ መኖር አለበት።

2ኛ፤ ምልክቱን የሚጠቀምበት ነጋዴ ገበያ በሚፈልግበት አገር ሁሉ አስቀድሞ ያስመዝግበው፤ ካስመዘገበም በኋላ ያለ ብርቱ ምክንያት አይለውጠው።

3ኛ፤ ስም ያለውን ሰው ለማስታወቂያ የሚቀጥር ነጋዴ የተከታዩን ብዛት ብቻ አይጠይቅ። ከተከታዮቹ ስንቶቹ ዕቃው በሚሸጥበት ከተማ እንደሚኖሩ፣ ስንቶቹም ዕቃውን ለመግዛት አቅም እንዳላቸው ይጠይቅ። በአንድ ሰፈር የሚታመን ሰው ለባለ ሱቅ ከሩቅ አገር ዝነኛ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

4ኛ፤ ሽያጩን ከማስታወቂያው በፊትና በኋላ በመዝገብ ይያዝ፤ በዓልን፣ የዋጋ ለውጥንና የዕቃ እጥረትን ለይቶ ያስብ። ያለ መዝገብ የተነገረ ትርፍ ወሬ ነው።

5ኛ፤ ክፍያውን፣ ጊዜውን፣ ክልከላውንና ግብሩን በጽሑፍ ውል ይወስን። የሚከራየው ሰው ስም ቢጎድፍ የእርሱም ዕቃ እንደሚጎድፍ፣ የእርሱ ዕቃ ቢበላሽ ደግሞ የሰውየው ስም እንደሚጎዳ ሁለቱም ወገኖች ይወቁ።

የአገራችን ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። ክለቦችና ኩባንያዎች የሮናልዶን ስም ለጊዜው ተውሰው ደምቀዋል፤ ውሉ ሲያልቅ ግን ወርቁ ከባለቤቱ ጋር ሄዷል። በተዋሰው ስም ገበያተኛ የሳበ ነጋዴ ያን ጊዜ ሊያተርፍበት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ የገባውን ሰው በትክክለኛ ሚዛን፣ በማይለዋወጥ ዋጋና በጥሩ ዕቃ ተቀብሎ የራሱ ደንበኛ ማድረግ ነው።